በማንጎው ጥላ የደረቀ እንጨት

በሰፈሩ "ጆሮ ብቻ" የሚባለው ሰውዬ ሥራው እንጨት ማዞር ነው። ቶርኖው ላይ አንድ ቁራጭ እንጨት ያስርና ማሽኑን ለቆ መሮውን ጠጋ ሲያደርግ፣ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ጉልበቱ ላይ ይወርዳል። ዕድሜ ልኩን የወንበር እግርና የደረጃ መደገፊያ ሲያወጣ ኖሮ ፀጉሩ ከነጣ በኋላ የጆሮ ማዳመጫ ሠሪ ሆነ። ሰው ራሱ ላይ ደፍቶ ዘፈን የሚሰማበትን ማለት ነው፤ እሱ የሚያወጣው በሁለቱ ጆሮዎች ላይ የሚቀመጡትን የእንጨት ኩባያዎች ነው። ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ስሙን ያወጡት ጎረቤቶች ሚስቱን እንዳላማከሯት ግልጽ ነው። እሷን ቢጠይቋት ኖሮ ሌላ ስም ታወጣለት ነበር።

ሚስትየዋ የሶፋና የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን የምትዘረጋው ግቢው መሀል ካለው ማንጎ ሥር ነው። ዛፉን አባቷ የተከለው እሷ ገና ድክድክ ስትል ነበር። ከቤቱ ሁሉ የእኔ የምትለው ቦታ ያ ነው። ሳሎኑ የእንግዳ ነው፣ ጓዳው የዕቃ ነው፣ ሌላው ሁሉ የባሏ እንጨት ነው።

የማዳመጫውን ነገር ያመጣው ሬዲዮ ጠጋኙ ነው። የባልየው አብሮ አደግ ሲሆን፣ የተሰበረ ነገር ካልያዘ በስተቀር በራቸውን አንኳኩቶ አያውቅም። አንድ ቀን የፕላስቲክ ኩባያው የተሰነጠቀ ማዳመጫ ይዞ መጣና "እስቲ በእንጨት አውጣልኝ" አለው። ባልየው ከተራረፈ ጥድ አወጣለት። ጠጋኙ ትንሿን ስፒከር ውስጡ አስቀምጦ ሽቦዋን በየዳት፤ ሚስትየዋ ደግሞ ጆሮ እንዳይቆረቁር ስፖንጅ ሞልታ የዙሪያውን ትራስ ሰፋችለት። ባልየው ራሱ ላይ ደፍቶ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ሰማ። ከዚያን ቀን ወዲህ የወንበር እግር ማውጣት ነውር መሰለው።

ከጥዱ ባሕር ዛፍ ተከተለ፣ ከባሕር ዛፉ ወይራ። እያንዳንዱ እንጨት የየራሱ ድምፅ እንዳለው ደረሰበትና ለመጣው ሰው ሁሉ አፉን ሞልቶ ያስረዳ ጀመር። "ጥድ ድምፁ ይሳሳል፤ ብርድ የመታው ሰው ነው። ባሕር ዛፍ ይጮኻል፣ ሥነ ሥርዓት የለውም። ወይራ ደግሞ ኩሩ ነው፤ ቶሎ አይከፍትልህም።" ደንበኞቹ ማዳመጫውን ደፍተው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ልዩነቱ አልተሰማኝም ብሎ የገዛ ጆሮውን የሚያሰድብ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ሚስትየዋም ልዩነቱን ሰምታለች። የሰማችው ግን ሌላ ነው። ቀጭን ትራስ የሰፋች ቀን ድምፁ ይሳሳል፣ ከበሮው የት እንደገባ አይታወቅም። ወፈር ያለና ጆሮን ዙሪያውን ግጥም አድርጎ የሚይዝ ትራስ የሰፋች ቀን ድምፁ ይሰበሰባል፣ ከበሮውም ይመለሳል። እንጨቱ ጥቂት የራሱን ሳይጨምር አይቀርም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ከእሷ መርፌ የሚወጣው ነገር እንደሆነ በጣቷም በጆሮዋም አውቃዋለች። ይህንንም አልደበቀችውም።

"የሚለየው እኮ ትራሱ ነው" አለችው አንድ ቀን።

ባልየው ለሕፃን እንደሚሳቅ አድርጎ ሳቀላት። "ትራስ ትራስ ነው። ሰው ትራስ ላይ ይተኛል እንጂ ትራስ አይሰማም።"

ደግማ ነገረችው፣ ሠልሳ ነገረችው። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሷም ተወችው። የትዳር ዘመናቸው ረጅም ስለሆነ መተውን ለምዳዋለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማንጎው ዝም ብሎ ቆሟል። ኋላ አንድ ኃይለኛ ንፋስ መጣና ከዛፉ አንዱን ቅርንጫፍ ገንጥሎ ጣለው። ባልየው ቅርንጫፉን ወጥ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ አደረቀውና ሁለት ኩባያ አወጣበት። እንዳጋጣሚ ሚስትየዋ የምትሰፋበት ሰው ሠራሽ ቆዳ አልቆባት ነበር። ሣጥኗን ከፍታ የአባቷን አሮጌ የቆዳ ጃኬት አወጣች፣ ብዙ አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ እጅጌውን ቆረጠች። ስፖንጁ ላይ ሱፍ ደረበችበት። ጃኬቱ ለስላሳ ነበር፤ ትራሱም ስስ ቆዳ እንደለበሰ ጉንጭ ሆነ።

ሬዲዮ ጠጋኙ ያን ማዳመጫ ደፍቶ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተናገረም። እሱ በእንቅልፍ ልቡም የሚያወራ ሰው ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ባልየው ነጥቆ ሰማ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቶ ማንጎውን ከሥር እስከ ጫፍ ሲለካው ቆየ። ሚስትየዋ በመስኮት አየችው።

"ዛፉን ልናነሳው ነው" አላት ራት ላይ።

"የቱን ዛፍ?"

"ስንት ዛፍ አለን?"

"የአባቴን ዛፍ?"

"ማፍራቱን ካቆመ እኮ ቆየ። እዚያ ተገትሮ ከሚያረጅ ስንት ሰው ጆሮ ላይ ይዘፍናል። ግንዱን አይተሽዋል? ዕድሜ ልካችንን ይበቃናል።"

"እኔስ የት ልስፋ?"

"የቆርቆሮ ጥላ እሠራልሻለሁ።"

"ቆርቆሮ ሥር ልጠበስ?"

"አንቺ ደግሞ" አለ ባልየው፣ የተረፈውን እየጠራረገ። "ትልቅ ነገር ሲመጣ ትንሽ ነገር ታነሺያለሽ።"

መጋዝ ያለውን ሰውዬ ለቅዳሜ ቀጥሮት ነበር። ሚስትየዋ ያን ሌሊት ብዙ አልተኛችም። ዛፉ ሲወድቅ ግቢው ምን እንደሚመስል በዓይነ ሕሊናዋ አየች። ብታለቅስ "ለዛፍ ታለቅሳለች" ሊላት ነው። ብትጣላ በቀጠርኩት ሰው ፊት አሳፈረችኝ ሊል ነው። ጠዋት ሲነጋ ግን ሌላ ነገር ይዛ ተነሣች።

"እሺ፣ ይቆረጥ" አለችው። "ግን ዛፍ ከተቆረጠ ተመልሶ አይቀጠልም። ዓይንህን ልሰርህና ማንጎውን ከሌሎቹ ለይተህ አሳየኝ። ከለየኸው መጋዙን እኔው ራሴ አቀብላለሁ።"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ተኝቼም እለየዋለሁ" አለ። ካልለየሁትስ ብሎ አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በአጠገቡም አላለፈ።

አርብ ቫርኒሽ ሊገዛ ሲወጣ ሚስትየዋ ማዳመጫዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ትራሶቹ ኩባያው ጠርዝ ላይ በላስቲክ ስለሚያዙ ለማውለቅ ደቂቃም አይፈጁ። የጃኬቱን ቆዳ ትራስ ከማንጎው አውልቃ ለጥዱ አለበሰችው። የጥዱን ቀጭን ትራስ ለማንጎው ሰጠችው። ሁሉንም በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠች። ማታለል ይሆን እንዴ ብላ ትንሽ አሰበች። ኋላ ግን፣ ነገሩን በግልጽ ከነገርኩት ቆየሁ፣ ያልሰማው እሱ ነው አለችና ልቧ ረጋ። የፈራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉንጩ ትራሱን እንዳይለየው። ከዚያ ይህን ሁሉ ዘመን ትራስ ብሎ አንዴም ልብ እንዳላለ ትዝ አላትና ይህም ፍርሃቷ ለቀቃት። ሲለቃት ትንሽ ከፋት።

ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮ ጠጋኙ ለምስክርነት መጣ። መጋዝ ያለው ሰውዬም ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ በሩ አጠገብ ቆመ። ባልየው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሚስቱ በመጋረጃ ቁራጭ ዓይኑን አሰረችው፣ እጁን ጭኑ ላይ እንዲያደርግ ነገረችው። ጠጋኙ ዘፈኑን ለቀቀ።

መጀመሪያ ባሕር ዛፉን ደፋችለት። "ባሕር ዛፍ" አለ፣ እንደ ተራ ነገር። እውነትም ነበር። ጠጋኙ ጭብጨባ ቃጣው። ቀጥሎ ማንጎውን ከነቀጭን ትራሱ ደፋችለት። ባልየው አፍንጫውን ነፋ። "ይሄ ጥድ ነው። ብርድ የመታው። አንሺልኝ።" በመጨረሻ ጥዱን ከነጃኬቱ ትራስ ደፋችለት። ትከሻው ወረደ፣ ፊቱ ፈታ አለ፣ ከታሰረው ጨርቅ ሥር አንድ እንባ ወጥታ ወደ ጢሙ ወረደች።

"ይኸው ማንጎዬ" አለ።

ጨርቁን ፈታችለት። ሰውየው ጭኑ ላይ ያለውን ማዳመጫ አየ። ነጣ ያለው፣ ጉጥ የበዛበት የጥድ እንጨት ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። አገላበጠው፣ አሸተተው፣ በጥፍሩ ቧጨረው። የጃኬቱ ትራስ መዳፉ ውስጥ ነበር፤ እሱን ግን አላየውም። ሬዲዮ ጠጋኙ ማዳመጫውን ከእጁ ወሰደና ትራሱን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ ሚስትየዋን አያት። ነገሩ ገብቶታል። በሕይወቱ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አለ።

ሚስትየዋ ይህችን ሰዓት ስትጠብቅ ኖራለች። "ትራሱ ነው አላልኩህም?" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። አፏን ልትከፍት ስትል ባልየው ቀደማት።

"ይሄ ጥድ የት ነው የደረቀው?"

"እዚያ" አለ ጠጋኙ፣ ማንጎውን እየጠቆመ። "ዛፉ ሥር ከምረኸው አልነበር?"

ባልየው ከወንበሩ ተነሣ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሦስቱንም ሰዎች በየተራ አያቸው። "ይኸውላችሁ። ጥዱን ሰው ያደረገው ጥላው ነው። ሥሩ ከርሞ ድምፁን ወስዷል። ቅርንጫፉ ግን ምድጃ አጠገብ ደረቀ፤ መጀመሪያ የዛፉ ትንፋሽ ነበረበት፣ አሁን አለቀበት። ጆሮዬ አልተሳሳተም። ማንጎ ሰማሁ አልኩ፣ ማንጎ ነው የሰማሁት።"

"እና ዛፉስ ጌታው?" አለ መጋዝ ያለው ሰውዬ። "ልውጣበት ወይስ ልሂድ?"

"ዛፉን ማን ይነካዋል? ዛፉማ መሣሪያዬ ነው።"

ሚስትየዋ የሰውየውን ገመድ አየች፣ መጋዙን አየች፣ ዛፉን አየች። ምላሷ ጫፍ የደረሰውን ቃል ዋጠችው። መራራ ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አሸንፋ እንደዚያ ቀን የተቃጠለችበት ጊዜ የለም። "እውነትህን ነው" አለች። "ጥላው መሆን አለበት።"

ሬዲዮ ጠጋኙ ሲወጣ በሩ ላይ ጠጋ አላት። "እታለም፣ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተስ ለምን ዝም አልክ?"

"እኔማ ዛፉ ሥር መቀመጥ እወዳለሁ" አለና ሄደ።

የጥላው ወሬ ከተማውን አዳረሰ። ደንበኛ መጥቶ ስለ ወይራ ሲጠይቅ ባልየው ፈገግ ይላል። "ወይራና ጥድ የድሮ ጨዋታ ነው። ጥያቄው የት ደረቀ ነው።" ጥላ የጠገበው እንጨት ሁሉ ደግሞ በእርግጥ ግሩም ድምፅ ያወጣ ጀመር። ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ሚስትየዋ ከዚያን ቀን ወዲህ ቀጭን ትራስ ሰፍታ አታውቅም። የጃኬቱ ሌላኛው እጅጌ ተቆረጠ፣ ጀርባው ተከተለ። እሱ ሲያልቅ ሌላ ለስላሳ ቆዳ እየዞረች ትፈልጋለች። አንድ ማዳመጫ ድምፁ ከሳሳ ጥላው ስሙ ይጠፋል፣ ጥላው ስሙ ከጠፋ መጋዙ ይመለሳል። ዛፉ የቆመው በእሷ ክር ነው፤ ይህንን የሚያውቁት እሷና በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ዝም ያለው ሰው ናቸው።

አንድ ጠዋት ግን ከገበያ ስትመለስ የስፌት መኪናዋ ፀሐይ ላይ፣ ግድግዳው ሥር ቆሞ አገኘችው። ማንጎው ሥር እስከ ግንዱ ድረስ እንጨት ተከምሯል። ባልየው ላቡን እየጠረገ፣ "ቦታ ጠበበኝ" አላት። "እንጨቱ ጥላ ይፈልጋል። አንቺ ፀሐይ ብትሞቂ ምንም አትሆኚ።"

እዚያው ቆመች። ዛፉን ለማዳን ያን ሁሉ ጉድ ዋጠች፣ የአባቷን ጃኬት ከታተፈች፣ አሁን ደግሞ ከዛፉ ሥር ተባረረች። ልትጮኽ ነበር። መጮኽ ግን በዚህ ቤት ሠርቶ አያውቅም።

"እኔስ ምንም አልሆንም" አለች ቀስ ብላ። "የፈራሁት ለትራሱ ነው። እንጨቱ ጥላ ጠግቦ ትራሱ ፀሐይ ላይ ከተሰፋ፣ ድምፁ መሀል ላይ አይጣላም?"

ባልየው እጁ ላይ ያለውን እንጨት እንደያዘ ቀረ። ግንባሩን ቋጠረ። ብዙ አሰበ። "እንዴት አላሰብኩትም" አለ በመጨረሻ። "ትራሱም ጥላ መጥገብ አለበት።" ከሰዓት በኋላውን እንጨቱን ወደ ዳር ሲያሸሽ ዋለ። መኪናውንም ራሱ ተሸክሞ ቦታው መለሰው።

አሁን ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው ሚስቱን ነው። "ትራሱንም ጥላ ውስጥ ነው የምናሰፋው" ይላል። "ይቺን ደግሞ እኔው ነኝ ያገኘኋት። ትራስ እንዲህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፣ ትልቅ ሥራ አለው።" ሚስትየዋ አንገቷን ደፍታ ክሩን በጥርሷ ትቆርጣለች። ሲላት ይህን የሰማችው ገና ዛሬ እንደሆነ አድርጋ ትገረምለታለች።

በቀደም ለት አንዲት አስተማሪ ማዳመጫ ልታዝ መጣች። ባልየው ቫርኒሽ ሊያመጣ ወደ ውስጥ ሲገባ ወደ ሚስትየዋ ጎንበስ አለችና፣ "እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለቻት። "የትኛው እንጨት ይሻለኛል?"

ስለ እንጨት ሰው ሲጠይቃት የመጀመሪያዋ ነው። የመኪናውን መርገጫ ለቀቀች፣ ቀና ብላ የማንጎውን ቅጠል አየች።

"እኔ እንጨት አላውቅም ልጄ" አለች። "የፈለግሽውን ውሰጂ። ይሄኛው ብቻ ይቁም።"