«ሁሉም ደህና ነው» የሚለው ገጽ

ሰገን መርሳ ተቀምጣ ወልዲያ ካለ ኮምፒውተር ጋር ታወራለች ቢሏችሁ አትሳቁ፤ እንጀራዋ ነው። መርሳ አጠገብ ያለችው የግራና ከተማ ሽንኩርት አምራቾች ምርታቸውን በስልክ አስመዝግበው ያለ ደላላ ገዢ የሚያገኙበትን ፕሮግራም እየሠራች ነበር። ፕሮግራሙን የሚያሠራው ማሽን፣ ሰርቨሩ፣ ያለው ወልዲያ፣ በአጎቷ በነጋሲ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ማሽኑ እዚያ የሚጽፈውን ሁሉ፣ ማን መልእክት እንደላከ፣ ምን እንደተበላሸ፣ መርሳ ሆና በብሮውዘሯ መስመር በመስመር ታየዋለች።

የመርሳ ኔትወርክ ደግሞ የታወቀ ነው። በተቋረጠ ቁጥር ገጹ ባዶ ሲሆንባት ሆድ ይብሳታል። ስለዚህ ግንኙነቱ ቢቋረጥም የመጨረሻዎቹ ጽሑፎች ገጹ ላይ ባሉበት እንዲቆዩ አደረገች። መቼ እንደተጻፉ የሚያሳይ ሰዓት እንኳ አላስጻፈችበትም። ራስን ማባበል ነበር።

የሙከራው ሳምንት ደረሰ። ከተሳካ የአምራቾቹ ማኅበር ሥራውን ለሰገን ይሰጣል፤ ካልተሳካ እንደ እኩዮቿ አገር ጥሎ መሄድ ነው። ከሁሉ ቀድመው ያስመዘገቡት እማማ ትርንጎ የሚባሉ ባልቴት ናቸው፤ ደጃቸው የመጣውን ደላላ እንኳ መለሱት። እየደወሉ ገዢ አልተገኘም ወይ ሲሏት ገጹን ታያለች። «ሁሉም ደህና ነው» ይላል። እሷም ሁሉም ደህና ነው፣ ገበያው ቀዝቅዞ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ ትላቸዋለች።

ወልዲያ ላይ ግን በዚያው ሳምንት መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር። የአገሩ ሰው መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ዕቃው እንዳይቃጠልበት ሶኬቱን ሁሉ ይነቅላል፤ ነጋሲም ፍሪጁን ሲነቅል የእህቱን ልጅ ማሽን ጨምሮ ነቀለው። ፍሪጁን መልሶ ሰካ፤ ማሽኑን ግን እንዳያበላሸው ፈርቶ ተወው። ሰገን ገጹ ለቀናት አለመለወጡ አጠራጥሯት ስትደውልለት በኩራት ነገራት።

«ማሽንሽን አትርፌልሻለሁ፤ ነቅዬ አስቀምጬዋለሁ።»

ገጹ ሲያሳያት የሰነበተው ማሽኑ ከመነቀሉ በፊት የጻፈውን ነበር። ያኔውኑ ወልዲያ ተሳፍራ ሄዳ ሰካችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ግራና ስትደርስ የእማማ ትርንጎ የሽንኩርት ክምር ከሥሩ ጠቁሮ ውሃ ማውጣት ጀምሯል። ደላላው ተለምኖም አልነካውም ብሏል። ጎንበስ ብላ የበሰበሰውን ከደህናው መለየት ጀመረች። እማማ ትርንጎ አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት በወደደች።

«ልጄ፣ ሌላ ጊዜ ካላወቅሽ አላውቅም በይኝ» አሏት።

ሌላ ጊዜ ግን አልነበረም፤ ማኅበሩ ወደ ደላላው ተመልሷል።

መርሳ ገብታ ኔትወርክ ሲቋረጥ ጽሑፉን የሚያቆየውን የፕሮግራሙን ክፍል አጠፋችው። ወዲያው ኔትወርኩ ሄደና ገጹ ነጭ ሆነ። ሰገን ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትታ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ሳበች።