ጋቢ የለበሰው ወይን

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ የወይኑን ቁራጭ ከቆቦ ያመጡ ዕለት የሻጩን ቃል ሳያጎድሉ ነገሩን፤ ለመብልም ለወይን ጠጅም የሚሆን፣ ሙቀት የማይበግረው ዘር ነው አሉ። ወይ ጉድ! ላሊበላ ላይ መች ሙቀት አስቸገረንና? እኛን የፈጀን ብርዱ ነው። ግን እሳቸውን ማን ደፍሮ ይናገራል?

ከማድ ቤቱ ጥግ ተከሉት። ውርጭ ሲመጣ ጋቢያቸውን አልብሰውት እሳቸው ሲንዘፈዘፉ ያድራሉ። ባለቤታቸው፣ እኔን እንዲህ አልብሰውኝ አያውቁም እያሉ ጎረቤቱን ያስቁበት ነበር።

ምን አለፋችሁ፣ ወይኑ በስንት መከራ አንዲት ዘለላ ያዘ። አማቴም ከደስታቸው ብዛት ማኅበርተኛው ፊት ተሳሉ፤ ዘለላዋ ደርቃ ዘቢብ ስትሆን ለቅዳሴ አሸተን ማርያም ልትገባ።

መሳሉንስ ይሳሉ። እኔ ግን ያኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ፣ እህል የሚባል አልወርድ ብሎኝ ነበር። ያማረኝ ያችው ዘለላ ብቻ ናት። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ምራቄ ይሞላል። ባሌ ምስኪን ብርቱካን ገዝቶ ቢያመጣልኝ፣ ብርቱካን አምጣ ያለህ ማነው ብዬ ጮህኩበት።

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አማቴ፣ በማርያም ስለት አይቀለድም አሉ። ባለቤታቸው ደግሞ፣ እርጉዝ ያማራትን ተከልክላ ልጁ ላይ ምልክት ቢወጣ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት አሏቸው። አማቴ በርጩማቸውን ወይኑ ሥር አደረጉና ዘብ ቆሙ። ዳዊት እየደገሙ በአንድ ዓይናቸው ሆዴን ያያሉ። የልጅ ልጅ መናፈቃቸውን ስለማውቅ ያሳዝኑኝም ያናድዱኝም ነበር።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ተጠሩ። ሁሉንም ሰሙ፤ ጋቢ የለበሰውን ወይንም ትክ ብለው አዩት።

«እመቤታችንም እኮ አርግዛ ታውቃለች» አሉ። «ይስጧት። ለስለቱ ዘቢብ ገዝተው ያስገባሉ።»

አማቴ በገዛ እጃቸው ቆርጠው ሰጡኝ። አንዷን ፍሬ አፌ ውስጥ ከተትኩ። አቤት መምጠጡ! ዓይኔ ተጨፈነ፣ ግን እንዴት ጣመኝ! እሳቸውም አንዲት ለምነውኝ ቀመሱ። ፊታቸው ጭምድድ አለ። ወደ አሸተን ዞረው አማተቡ።

«ይችን ነበር ለእመቤቴ ልሰጣት?»

ከዚያ ጋቢውን ከወይኑ ላይ ገፈፉና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እኔም የቀረውን ለማንም ሳላካፍል ጨረስኩት።