አውሮፕላን ውስጥ «ኖር» ያልኩ ዕለት

ወደ ቶሮንቶ ስሄድ፣ ለዓመታት ባጠራቀምኩት የጉዞ ነጥብ የኢኮኖሚ ትኬቴን ወደ ቢዝነስ አሳደግኩ። ወንበሩ ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል። ጫማዬን አውልቄ ገና እግሬን ስዘረጋ፣ ሰልፍ ላይ የተዋወቅኳቸው የአንኮበር ቄስ ጋቢያቸውን እንደደረቡ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው የሚሄዱት።

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው፣ ቄስ ቆመው እሱ አይቀመጥም። ብድግ ብዬ «ኖር አባቴ» አልኳቸው። በወጉ እሳቸው «በእግዜር» ይላሉ፣ እኔም መልሼ እቀመጣለሁ። ኖር ስለተባለ ወንበር የወሰደ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።

«ተባረክ ልጄ» ብለው ተቀመጡ።

ጫማዬን አንጠልጥዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለችው የድሮ ወንበሬ ባዶዋን ነበረች። ጉልበቴን ታቅፌ ቶሮንቶ ደረስኩ።

ሻንጣ ስንጠብቅ ቄሱን አገኘኋቸውና ጉዞው እንዴት ነበር አልኳቸው።

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ተኛሁ። ልጄ የገዛልኝ ወንበር እንኳ ካንተዋ ቀጥሎ ያለችው ነበረች። አክብረህ ስትነሳልኝ እንዳላስቀይምህ ብዬ ነው እንጂ።»

«እና ያቺ ወንበር ባዶዋን መጣች?»

«ኧረ፣ ጋቢዬን አኖርኩባት።»