ከጋራው ፋይል የሰረዝኩት መስመር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴ እንኳ "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ "ሌላ የለም አባ" ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጥቻለሁ። ሌላ ነበረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ነበረ።

በቅርቡ መጻፍ እንደምችል አወቅሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፌ ተነቦ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ደስታዬን የት ላድርሰው! ከዚያ ወዲህ እጄ አያርፍም። ግን ብዕር አንዴ ከተፈታ የፈለጉትን ብቻ አይጽፍም ለካ። ስለ ባሕሩ ልጽፍ እቀመጣለሁ፣ ሀዋ ትመጣብኛለች። ስለ ሙቀቱ ልጽፍ እላለሁ፣ አሁንም ሀዋ። እንግዲህ እናንተ የማላውቃችሁ ሰዎች ስሙኝ።

ሀዋ ጓደኛዬ ነበረች፤ የምናወራው በትምህርት ቤቱ ፈረንሳይኛ ነው። ቤታቸው በዚህችው የወደብ ከተማችን አምቡሊ የሚባል ሰፈር፣ ከደረቁ ወንዝ አጠገብ ነው፤ የእኛ ደግሞ ጋቦዴ ሰፈር። ቅድመ አያቴ ከአገር ቤት በባቡር ሥራ መጥተው እዚሁ ስለቀሩ ስሜን ትታ "የባቡሩ ልጅ" ነበር የምትለኝ። "የባቡሩ ልጅ፣ ዛሬም ዘገየሽ፤ ሐዲዱ ተበላሸ እንዴ?"

ከትምህርት በኋላ ሁለታችንም አንድ የወጣቶች ወርክሾፕ እንሄዳለን። እዚያ ትንንሽ የኮምፒውተር ቦርዶች እንሠራ ነበር። አንዱ ሙቀት ይለካል፣ አንዱ የውኃ ታንከር ሲጎድል ይናገራል። የሀዋ ቦርድ ደግሞ ወንዙ ዳር ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፣ ጎርፍ ሲመጣ ሳይረን ያስጮሃል። የአምቡሊን ወንዝ ለማያውቅ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ የሚጥለው ሩቅ ተራራ ላይ ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ፀሐይዋ እንደጠነከረች፣ ጎርፉ ከች ይላል።

እያንዳንዱ ቦርድ መግለጫ ፋይል አለው። ፋይሉ ለኮምፒውተሩ "እዚህኛው እግርህ ላይ ስክሪን አለ፣ እዚያኛው ላይ ሳይረን" ብሎ ይነግረዋል፤ እግር የምንለው ሽቦ የሚሰካባቸውን ጫፎች ነው። ካልተነገረው፣ ሳይረኑ ተሰክቶም እንደሌለ ነው። ቦርዶቹ ሲበዙ ያው ነገር በየፋይሉ ተደጋገመብን። አስተማሪያችን ሙሴ ዳሂር (እዚህ አስተማሪን "ሙሴ" ነው የምንለው) የሚደጋገመውን ሁሉ አውጥቼ አንድ የጋራ ፋይል ውስጥ እንዳደራጅ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። የየቦርዱ ፋይል የጋራውን ይጠራል፣ የራሱን ልዩ ነገር ብቻ ይጨምራል።

ሕጋችን አንድ ነበረ። የጋራውን ፋይል የሚነካ ሰው ብድግ ብሎ "የጋራውን ልነካ ነው!" ብሎ ይጮሃል፤ ሰውም ሁሉ ይሰማል። ሀዋማ እንደ ሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥላ ነበር የምትጮኸው። ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

እኔ ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ስክሪን ያለው ቦርድ ሠራሁ። ስክሪኑ እምቢ አለ። የሚፈልገው እግር በጋራው ፋይል ለሳይረን ተይዟል። በራሴ ፋይል "ለዚህ ቦርድ ሳይረኑን ተወው" ብዬ መጻፍ ይቻል ነበር፤ እንዴት እንደሚጻፍ ግን አላወቅሁም። ሀዋ ታውቃለች። ታዲያ ለምን አልጠየቅኋትም? አደራጇ እኔ ሆኜ ልጠይቅ? ኩራቴ ነው ያነቀኝ። የሳይረኑን መስመር ከጋራው ሰረዝኩት። ስክሪኑ በራ። የወርክሾፑ ልጆች አጨበጨቡልኝ። እኔ ሰረዝኩት፤ ብድግ ብዬ ግን አልጮኽኩም።

ሐሙስ ዕለት ሀዋ የቦርዷን ፋይል አድሳ እንደገና ልትጭንበት ከምሰሶው አውርዳ አመጣችው።

"የባቡሩ ልጅ፣ የጋራው ተነክቷል እንዴ? ከተነካ ሳይረኑን ልሞክረው፤ ካልተነካ ሰፈሩን በከንቱ አላስደንግጥ።"

"አልተነካም" አልኳት።

ረስቼ ነው ልበል? አልረሳሁም። ከኤግዚቢሽኑ በኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው። አንድ ቀን ምን ይሆናል ብዬ ነው። ሀዋ አመነችኝ፣ ጫነችው፣ ሳትሞክረው መልሳ ሰቀለችው።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከተማው ሙቀት ጥሎት ባንቀላፋበት ሰዓት፣ ጎርፉ መጣ። ሳይረኑ አልጮኸም። የሀዋ እናት ተኝተው ነበር። "ተኚ ሆዮ፣ ውኃው ከመጣ ይጮህልሻል" ብላ ያስተኛቻቸው ራሷ ሀዋ ናት፤ እናቷን ሆዮ ነው የምትላቸው። ውኃው በሩን ገንጥሎ ከግድግዳው ጋር አጋጫቸው። ጎረቤት ደርሶ አወጣቸው እንጂ አልቀው ነበር። ዳሌያቸው ተሰበረ። እስከ ዛሬ ያለ ምርኩዝ አይራመዱም።

እኔ ምን አደረግሁ? ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ? በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ወርክሾፕ ገባሁና መስመሩን በቦታው መልሼ ጻፍኩት። ቦርዱን ጎርፍ ወስዶታል፤ የቀረው ምስክር ፋይሉ ብቻ ነው፣ እሱንም እኔ አስተካከልኩት። ከመሰረዜ ይልቅ ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። መሰረዙስ ኩራትና ስንፍና ነበረ። ይሄኛው ምንድነው? ስሙን አላውቀውም።

ሙሴ ዳሂር ፋይሉን ከፍተው አዩ። "የጋራው ደህና ነው። ሀዋ፣ ስትጭኚ ምን አበላሸሽ?"

ሀዋ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ አብጧል። "አባዮ" አለችኝ፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው፣ ያን ቀን ስታለቅስ ነው የመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለችኝ። "አንቺ ታውቂያለሽ። ምን አጠፋሁ?"

"እንጃ" አልኳት።

እንጃ! ከዚያ ቀን በኋላ ሀዋ ወርክሾፕ አልተመለሰችም።

ባለፈው ወር ዘመድ ልቀበል ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄጄ አየኋት፤ ለተሳፋሪ ቀዝቃዛ ውኃ ትሸጣለች። "የባቡሩ ልጅ! አሁንም ቦርድ ትሠሪያለሽ?" አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

"አንዳንዴ" አልኩ።

"ጎበዝ። እኔ ማሽን የሚባል አልነካም። እጄ መጥፎ ነው፣ አየሽ አይደል፣ የእናቴን ዳሌ የሰበረ እጅ።" በዚያው እጇ ውኃ ሰጠችኝ። ተቀብዬ ጠጣሁ። እንዴት ወረደልኝ? እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እንዴት ነው የወረደልኝ?

እዚህ ድረስ ጽፌ መልሼ አነበብኩት። አምሮልኛል ብዬ ፈገግ አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ፈገግ አልኩ። ወዲያው ግን ደነገጥኩ። ሀዋ አማርኛ አታነብም። ይህን ሁሉ የተናዘዝኩት እሷ በማታውቀው ፊደል ነው። እንደገና ቀስ ብዬ፣ ሳልጮህ፣ እሷ ሳትሰማ።

ስለዚህ እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። እናንተ ይቅር ብትሉኝ የሀዋ እጅ ምን ያገኛል? ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሀዋም ልጅ ነበረች። ነገ ባቡሩ ሲገባ ናጋድ እሄዳለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ በእሷ ቋንቋ፣ በተሰባበረው ሶማሊኛዬ፣ ያኔ መጮህ የነበረብኝን እጮሃለሁ። የጋራውን የነካሁት እኔ ነኝ። እጅሽ ደህና ነው፣ ሀዋ። እጅሽ ደህና ነው።