የጠቆሩት ደረሰኞች

ኡራኤል አስቀድሼ ወጥቼ ጫማዬን ሳደርግ ስልኬ ጮኸ። ሒሳቤን የምትሠራልኝ ልጅ ናት።

«እትዬ፣ እንዳይደነግጡ። የግብር ኦዲተሩ ደረሰኞችዎን አልቀበልም ብሏል።»

«የትኞቹን?»

«ሁሉንም። ማለቴ... ጥቁር ናቸው፤ ምንም አይነበብም።»

አንድ እግሬን ጫማው ውስጥ እንዳደረግኩ ቆሜ ቀረሁ።

ከወሎ መጥቼ ካዛንቺስ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። እዚህ የሚመሰክርልኝ ዘመድ ስለሌለኝ ወረቀት አልጥልም። የማሽን ደረሰኝ ቶሎ ይደበዝዛል ሲሉኝ ፈራሁ። መታወቂያዬንም የክርስትና ወረቀቴንም ላሚኔት አስደርጌ የለ? የዓመቱን የጨርቅ፣ የክርና የአዝራር ደረሰኝ ሰብስቤ በጋለ ማሽን ፕላስቲክ እንዲያለብሱልኝ ስታዲየም አጠገብ ለአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጠሁ። በነጋታው በፖስታ አሽገው ሰጡኝ፤ እንዳይቆሽሽ ብዬ ሳልከፍት ለልጅቷ አደረስኩ። ያ ወረቀት ሙቀት ሲነካው እንደሚጠቁር የት አውቄ!

ሜክሲኮ ቢሮዋ ሄጄ አየኋቸው። ልጅቷ አንዱን ወደ መስኮቱ አንሥታ ልትስቅ ስትል አፏን ያዘች።

«እትዬ፣ ይሄማ ራጅ ነው!»

«ሳቂ እናቴ፣ ሳቂ። ከፋይዋ እኔ ነኝ።»

ሳቋን ዋጠች። ወጪዬ ካልተያዘልኝ የሸጥኩት ሁሉ እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ግብር ይጣልብኛል። እሱን ከከፈልኩ ስፌት ቤቱ ይዘጋል። ኦዲተሩ አንድ ወር ሰጥቶኛል።

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደረሰኝ የሚሸጡ አሉ እኮ። ሁሉም ሰው...»

«ያልገዛሁትን ገዛሁ ብዬ ልፈርም? ከዚያስ በየትኛው አፌ ልቆርብ?»

«በቃ፣ እንግዲያው ሻጮቹን ይፈልጓቸው። ቀሪው ኮፒ እነሱ ጋ ይኖራል።»

ሻጮቹስ የት አሉ? የገዛሁት ሁሉ ከካዛንቺስ ነበር፤ ሰፈሩ ፈርሶ ሁሉም ተበትኗል። ስልካቸው አይነሣም። ከታክሲ ታክሲ እየተሳፈርኩ ሳምንት ሙሉ ዞርኩ። አንዱን ብቻ ሜክሲኮ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ አገኘሁት። እያጉረመረመም ቢሆን ፈልጎ ኮፒውን በማኅተም ሰጠኝ። «ያኔም በደረሰኝ ስታደርቂኝ ነበር፣ ዛሬም መጣሽ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ ጉልበቴ እምቢ አለ፤ ደረጃ መውጣት አቃተኝ።

ስለዚህ ካዛንቺስ ሳይፈርስ ጨርቅና ክር ትሸጡልኝ የነበራችሁ፣ እባካችሁ ይህን ካነበባችሁ መዝገባችሁን ግለጡልኝ። ደረሰኝ ካልተቆረጠልኝ አልወጣም እያልኩ ከኋላዬ ያለውን ሰው ሳስቆም የነበርኩት ባለነጠላ እኔ ነኝ። ስፌት ቤቱ አሁን ከኡራኤል ጀርባ ነው። ኮፒውን ማኅተም አድርጋችሁ ላኩልኝ፤ የሸጣችሁልኝን ብቻ፣ አንድ ሜትር ጨርቅ እንኳ ሳትጨምሩ።