እስከ ሞስኮ የተዘረጋ ፈትል

ይህችን የፈትል ልቃቂት ባነሳኋት ቁጥር የጥጥ ሽታዋ ዛሬም ይመጣል። እናቴ የፈተለችው ነው። አንድም ክፍል ያልተማርኩት እኔ ከአዲስ አበባ እስከ ሞስኮ ያለውን ሰማይ የለካሁት በዚህ ነው። ፊደል ከአንድ ዲያቆን ለቀምኩ፤ ቁጥርን ግን ማንም አላስተማረኝም። በደብረ ታቦር እንደ እኔ ያለ ወጣት አልነበረም፤ ሽማግሌም ዛሬ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከቤት ከወጣች ቀናት ያለፏት እህቴ ለትምህርት ከአዲስ አበባ ወደ ሞስኮ የምትበርበት ቀን ነበር። በእኛ ቤት፣ የመንገደኛ መድረስ ሳይሰማ ወለል አይጠረግም፤ መንገዱ አብሮ ይጠረጋል ይባላል። እናቴ እህል አልቀመሰችም። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ በበሩ ሥር እየገባ ገለባውን ወለሉ ላይ ያንኮሻኩሸዋል። እሷም መጥረጊያውን ታየዋለች፣ ደግሞ ዓይኗን ትመልሳለች።

ጭንቀቷን ማየት አልቻልኩም። አውሮፕላን ከአዲስ አበባ አሥመራ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል እንደሚበቃው ከጎረቤታችን ወታደር ሰምቼ ነበር። ፈትሉን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ካርታ ሮጥኩ። የአሥመራን መንገድ ለካሁ፤ ያቺ ርዝመት እስከ ሞስኮ ሰባት ጊዜ ገባች። እህቴ ማለዳ ተነስታለች፤ እንግዲህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትደርሳለች። ከዚህ የቀና ሒሳብ የት አለ?

ሰዓቱ ሲሞላ «እማዬ፣ ጥረጊ፤ ደርሳለች» አልኳት።

«ማን ነገረህ?»

«ፈትልሽ።»

ሳቀች። ያን ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው። ጠርጋ፣ ጉድፉን ከአጥር ውጭ ደፍታ ስትመለስ ወታደሩ ከበር ደረሰ።

«እትዬ፣ ምነው ጠረጉሳ?»

«ደርሳለች ቢለኝ ነዋ!» ወደ እኔ ጠቆመች።

«አንተ ጠቢብ! አውሮፕላን በአንድ ትንፋሽ ይደርሳል ያለህ ማን ነው? እንደ በቅሎ ያርፋል እኮ! ዛሬ መንገድ ላይ ታድር ይሆናል።»

የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። ወደ አጥሩ ሮጠች፤ ጉድፉን በሁለት እጇ እያፈሰች በነጠላዋ ሰብስባ አመጣችና ወለሉ ላይ መልሳ በተነችው፤ ገለባውን፣ አመዱን፣ እህቴ ስታበጥር የረገፈውን ፀጉር። ነፋሱ የወሰደውን ግን ከየት ታምጣው? በአራት እግሯ ሆና አጥር ለአጥር ስትፈልግ መሸ።

በማግስቱ ከስልክ ቤት የጠራን የለም። ቤታችን ውስጥ ከገለባው መንኮሻኮሽ በቀር ድምፅ አልነበረም። ልኬቴ ልክ ነበር፤ ማረፊያውን ያልነገረኝ ካርታው ነው። ይህን ዛሬም አልለቅም። ያን ጊዜ ግን ለማን ልናገረው?

በሦስተኛው ቀን ተጠራን። የእህቴ ድምፅ ከውኃ ሥር እንደሚመጣ ሆኖ «ደረስኩ» አለ። እናቴ የመለሰችው «በላሽ?» ብላ ነው።

ቤት ገብታ ጠረገች፤ ከበሩ ኋላ ያለችውን ጥግ ግን ተወቻት። «እዚያ ደረሰች እንጂ እዚህ መች ደረሰች?» አለችኝ። ያችን ጥግ እስክትሞት አላስነካችም። ከሞተችም በኋላ እኔ አላስነካሁም።

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ እህቴ ከስንት ዓመት በኋላ የምትመለስበትን አውሮፕላን ስልኳ ላይ እያሳየችኝ «አያዬ፣ አረፈ!» አለች። በስንት ሰዓት እንደሚያርፍ ቀድሜ ነግሬያት ነበር፤ አልተሳሳትኩም። ሆኖም በማግስቱ እህቴ ሽበቷን በሻሽ ሸፍና በበሩ እስክትገባ ድረስ እህል አልቀመስኩም።

ስለ ጥጉ ነገርኳት። ሳትቀመጥ መጥረጊያውን ተቀበለችኝና ቀስ ብላ ጠረገች። ጉድፉን ግን ወደ ውጭ አልደፋችውም። በመሐረቧ ቋጠረችው።