መስመር ሲያልቅ የምትነሳው ግራ እጅ

ቢሮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «እትዬ መትረየስ» ይሏታል፣ አለቃው ሳይቀር። ጽሕፈት ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ያዳመጣት ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ፣ ጆሮዋ ወሬ ላይ፣ ጣቶቿ ደግሞ የጽሕፈት መኪናዋ ላይ፣ ሁሉም በየፊናው ይሠራል።

ሥራ የጀመረች ሰሞን በስተቀኟ የሚቀመጠው ጸሐፊ ሻይ ወዳድ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ተጣብቀዋል። መስመር ሲያልቅ የመኪናዋ ቃጭል ታቃጭላለች፤ እሷም በግራ እጇ እጀታውን ስትገፋ የመኪናዋ ላይኛው ክፍል ወደ ቀኝ ሽው ብሎ የሰውየውን ብርጭቆ ይደፋዋል። ደጋግማ ከደፋችበት በኋላ ዘዴ አበጀ። ቃጭሏን ሲሰማ፣ ከሥራው ቀና ሳይል፣ ብርጭቆውን ብድግ ያደርጋል፤ ሲያልፍለት ያስቀምጣል።

«ይቺ ልጅ ሻዬን ከምትጨርስብኝ ባገባት ይሻላል» አለ አንድ ቀን፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

አገባት። ሰውየው ካረፈ ቆይቷል። እቤት ይጽፉበት የነበረው መኪና ግን ሳሎኑ ጥግ፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ አሁንም አለ።

ሌላው መሥሪያ ቤት ሁሉ መኪናውን ከጣለ ከስንት ዘመን በኋላ፣ የእነሱም ቢሮ ኮምፒውተር አስገባ። ፊደሎቹ በሙሉ ቦታ ቀይረዋል።

«እትዬ መትረየስ፣ ወሩ ሲያልቅ ፈተና አለ» አላት አለቃው አንገቱን እያሻሸ። «ያለፈ እዚሁ ይቀራል። ያላለፈ ግን ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚመደበው።»

ግምጃ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ ወሬም አይደርስበትም።

ልጇ ኮምፒውተሯን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታስተምራት ጀመር።

«እማዬ፣ ‹መ› እዚህ ናት።»

«ማን አመጣት? የእኔዋ እዚያ ጥግ ነበረች።»

«ለቃለች በቃ።»

«ዕድሜ ልኬን ያንኳኳሁት በር ሰው የለበትም ነው የምትዪኝ?»

ልጅቷ ሳቀች። እናትየው ግን አልሳቀችም። ጣቶቿ አዲሱን ቦታ መልመድ ሲጀምሩ ጭራሽ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ ሰበሰበች።

«ይሄኛው ሲገባ ያኛው እንዳይወጣብኝ ነው የምፈራው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከአባትሽ ጋር የጻፍኩት ሁሉ በዚያኛው ነው።»

«እማዬ ደግሞ፤ ጭንቅላት ሻንጣ መሰለሽ? ይልቅ ጻፊ።»

ጻፈች። አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቷ ላይ፣ ሽንኩርት ስትልጥ መክተፊያው ላይ በባዶ ጣት ትጽፋለች። ጎረቤቷ አይታ «ሰውነትሽን ያንቀጠቅጥሻል እንዴ?» እስክትላት ድረስ።

የፈተናው ዕለት አለቃው ከጎኗ ቆመ። ጣቶቿ መጀመሪያ ላይ እንደ እንግዳ አፈሩ፤ ቀስ በቀስ ተጋጋሉ፤ ከዚያ ክፍሉ የሚያውቀው ያ የድሮው ሩጫ መጣ፣ ድምፁ ብቻ የዝናብ ካፊያ ያህል ሆኖ። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ግራ እጇ ሳታዛት ተነሳችና ያልነበረውን እጀታ ገፋች። ስክሪኑን በጥፊ አጮለችው።

«ምን አጠፋ?» አለ አለቃው፣ ሊወድቅ ያለውን ስክሪን በሁለት እጁ ይዞ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያም ጨረሰች። አለፈች።

እቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጥልፉን ከአሮጌው መኪና ላይ ገፈፈችና የባሏን ስም መታች። ወረቀቱ ላይ የወጣው ትርጉም የሌለው የፊደል ጥርቅም ነበር። ዳግመኛ ሞከረች። ጣቶቿ እየሮጡ የሚሄዱት ወደ አዲሱ ቦታ ነው። የፈራችው ደረሰ።

ልጇ የእናቷን ፊት አየችና ሻይዋን ይዛ መጥታ በስተቀኟ ተቀመጠች። ብርጭቆዋን መኪናው አጠገብ አስቀምጣ ስልኳን መነካካት ያዘች። እናትየዋ እንዲሁ፣ የመጣላትን ፊደል እየመታች መስመሩን ቀጠለች።

ቃጭሏ አቃጨለች። ግራ እጇ ተነሳች። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል ብርጭቆዋን ብድግ አደረገች፤ ከባዱ ብረት በሥሩ ሽው ብሎ አለፈ፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ማን አስተማረሽ?» አለች እናት።

«ምኑን?»

እናት ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ መለሰች። ሌላ መስመር ጀመረች።